ወቅፍ በቃል፣ ክርክር በወረቀት

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

በዛሬው ጽሑፌ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ በየጀመዓችን የሚነካን፣ ነገር ግን ጠብ እስኪነሣ ድረስ አፍ አውጥተን የማንነጋገርበት ነው። ይኸውም የወቅፍ ንብረትና የባለአደራው ግዴታ ነው።

መነሻ የሆነኝ ሰንበቴ ላይ የሰማሁት ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ወደ ከሚሴ ስጓዝ አንድ እሑድ ሰንበቴ ላይ ወርጄ ነበር። ሰንበቴን በእሑድ ያላየ ሰው ከተማዋን አይቻለሁ ሊል አይችልም። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ከቆላ እየነዳ፣ የደጋው ሰው እህሉን ጭኖ፣ የአካባቢው ኦሮሞና አርጎባም ያመረተውን ይዞ ይገናኝባታል። ከገበያው ግርግር ወጣ ብዬ ዙህር ከሰገድኩ በኋላ ከዘመድ ወገን የሚሆኑኝ አንድ በዕድሜ የገፉ የቁርኣን አስተማሪ ዘንድ ተቀመጥኩ። ከተቀመጥንበት በረንዳ ፊት ለፊት ሦስት ክፍል ሱቅ በአንድ ጣሪያ ሥር ተደርድሯል።

«ሼኽዬ፣ ይህ ሱቅ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የአላህ ነው» አሉኝ። ጥቂት ቆዩና ፈገግ ብለው «ከገዛነው ግን ገና ሁለት ዓመቱ ነው» ሲሉ ጨመሩ።

ነገሩ ግራ አጋባኝ። የአላህ የሆነውን ማን ይሸጣል? ማንስ ይገዛል? ሼኹ እንደሚከተለው አጫወቱኝ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ አንድ የከተማው ነጋዴ ሦስቱን ክፍሎች አሠርተው ከጁምዓ ሶላት በኋላ በጀመዓው ፊት ቆሙና «ይህ ሱቅ ለልጆች ቁርኣን ማስተማሪያ ወቅፍ ነው» አሉ። ሰውም አሚን ብሎ ተበተነ። ቁልፉ በታማኝነታቸው ለታወቁ ለሌላ ነጋዴ ተሰጠ። የይዞታ ወረቀት ሲወጣና ግብር ሲከፈል የአንድ ሰው ስም ያስፈልግ ስለነበር ወረቀቱ በባለአደራው ስም ወጣ። እኚህ ሰው ከሃያ ዓመት በላይ ኪራዩን እየሰበሰቡ ለአስተማሪዎቹ ሲከፍሉ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ ሲቀይሩ፣ ለደረሶች መብራትና ውኃ ሲሸፍኑ ኖሩ። ሒሳቡን የሚጽፉት በዐጀሚ በራሳቸው ደብተር ላይ ነበር። ከዚያ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ለቤታቸው አላስገቡም። ይህን የሚጠራጠር ሰው በከተማው የለም።

ታዲያ ሰውየው ወደ አኺራ ሲሄዱ አምስት ልጆች ተዉ። አራቱ «አባታችን አደራ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አልነበሩም» ብለው እጃቸውን አነሡ። በሌላ ከተማ የሚኖረው አንዱ ግን ዕዳ ነበረበትና ወረቀቱን ይዞ ቀረበ። ወረቀቱ ላይ ያለው የአባቱ ስም ነው። ሽማግሌ ተላከ፣ አልሆነም። ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ ተባለ፣ አልፈቀደም። ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ቢያመራ ዳኛው የሚያየው የይዞታ ማረጋገጫውንና የወራሽነት ማስረጃውን እንደሆነ የሕግ ሰዎች መከሩ። በመጨረሻ ጀመዓው ገንዘብ አዋጥቶ የልጁን ድርሻ ከፈለ። የገዛ ወቅፉን በዋጋ መልሶ ወሰደ ማለት ነው።

«ጥፋቱ የማን ነው ይላሉ?» አልኳቸው።

«የሰውየው ታማኝነት ነው የጎዳን» አሉኝ። «ሌባ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ዓመት ወረቀት እናስፈርመው ነበር።»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ይህ አባባላቸው ከአእምሮዬ አልጠፋም። ውድ አንባቢያን፣ ይህ የሰንበቴ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ እዚሁ ከተማ የምሰግድበት መስጂድ የባንክ ሒሳብ በሦስት ግለሰቦች ስም ነው የተከፈተው። ከሦስቱ አንዱ ዛሬ በውጭ ሀገር ነው፣ አንዱ ታሟል። እናንተም የየራሳችሁን መስጂድ አስቡ።

ለመሆኑ ወቅፍ ምንድን ነው? ቃሉ በዐረብኛ ማቆም፣ መያዝ ማለት ነው። በሸሪዓ ደግሞ የንብረቱን ሥር እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ አድርጎ አቁሞ ፍሬውን ለበጎ ተግባር ማዋል ነው። መሠረቱ የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ዑመር በኸይበር ከዚያ በፊት አግኝተውት የማያውቁት ዓይነት ውድ መሬት ደረሳቸውና ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ። እርሳቸውም ከፈለጉ ሥሩን ይዘው ፍሬውን ሶደቃ እንዲያደርጉት አመለከቷቸው። ዑመርም እንዲሁ አደረጉ። ይህን ሁላችንም ከኹጥባ ሰምተናል።

ከኹጥባ ብዙ ጊዜ የማንሰማው የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ነው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ዑመር ወቅፋቸውን በጽሑፍ አስፍረዋል። ጸሐፊ ነበረ፣ ስሙ ሙዐይቂብ ይባላል። ምስክር ነበረ፣ ስሙ ዐብዱላህ ኢብኑል አርቀም ይባላል። በሰነዱ ላይ የንብረቱ ማንነት ተጠቅሷል፤ ፍሬው ለማን እንደሚውል ተዘርዝሯል፤ አስተዳዳሪው ከፍሬው በአግባቡ ሊበላ እንደሚችል፣ ሀብት ሊያካብትበት ግን እንደማይችል ተገልጿል። ናዚር ማለትም ባለአደራ የተደረገችው ልጃቸው ሐፍሷ ናት። ከእርሷ በኋላም ከቤተሰቡ አስተዋይ የሆነው እንዲተካ ተደንግጓል። እንግዲህ ልብ በሉ። ዑመር የሙእሚኖች አዛዥ ነበሩ፤ ልጃቸውም የነቢዩ ባለቤት ነበረች። በዑመርና በሐፍሷ ታማኝነት ላይ ጥርጣሬ ያለው ሙስሊም አለን? ሆኖም ጸሐፊም ምስክርም አስፈለገ። እኛ «እገሌ እኮ ታማኝ ነው፣ ወረቀት መጠየቅ ማሳፈር ነው» የምንለውን ዑመር አላሉትም።

በነገራችን ላይ ዛሬ በስንቱ የመስጂድ ኮሚቴ ውስጥ ሴት ባለአደራ አለች? ይህ ለሌላ ቀን ጽሑፍ ይቆየኝ።

በፊቅህ በኩል ዑለማዎች የተለያዩበት ነጥብ መኖሩን አልሸሽግም። በሀገራችን በብዛት ከሚከተሏቸው መዝሀቦች አንዱ በሆነው በሻፊዒው ወቅፍ በቃል ይጸናል። ከሐነፊዎቹ አቡ ዩሱፍም ቃሉ ይበቃል ብለዋል፤ ኢማም ሙሐመድ ግን ንብረቱ ለናዚሩ መረከብ አለበት ይላሉ። አቡ ሐኒፋ ራሳቸው ደግሞ ያለ ቃዲ ውሳኔ ወቅፉ አስገዳጅ አይሆንም የሚል አስተያየት ነበራቸው። በመሆኑም የሰንበቴው ነጋዴ በጁምዓ ቀን የተናገሩት በሸሪዓ ዓይን በቂ ነው ብንል አንሳሳትም። ችግሩ ያለው ንብረቱ የሚኖረው ሁለት ሕጎች በሚሠሩበት ሀገር ውስጥ መሆኑ ላይ ነው።

እስቲ የመንግሥቱን ሕግ እንመልከት። በ1936 ዓ.ም የወጣው የቃዲዎችና የናኢቦች ምክር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 62 ወቅፍን በስም ጠቅሶ የእስልምና ፍርድ ቤቶች ሥልጣን አድርጎታል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ወቅፍ የሚል ቃል አያውቅም። ያው ሕግ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በሕግ ሰውነት ያላት ብሎ ሲያውቃት የሌሎቹን ሃይማኖቶች ጉዳይ ልዩ ሕግ ይወጣላቸዋል ብሎ አለፈው። ይህ ልዩ ሕግ ለእኛ እስኪወጣ ስንት ዓመት ፈጀ መሰላችሁ? የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው በሰኔ 2012 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1207 ነው። ስድሳ ዓመት! በመካከሉ የሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም ታላቅ ሰልፍ አለ፤ መጅሊሱም ከዚያ በኋላ ተመሥርቷል፤ በሕግ ፊት ግን በአዋጅ የታወቀ አካል አልነበረም። ስለዚህ ለስድሳ ዓመት መስጂድ ሱቅ ሲሠራ፣ መድረሳ ቤት ሲገዛ፣ በግለሰብ ስም ቢያስመዘግብ ብዙም አይፈረድበትም። በማን ስም ያስመዝግበው?

በ1992 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188 ወቅፍን እንደገና በስም አነሣው። ወቃፊው ሙስሊም እስከሆነ ድረስ የወቅፍ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። በአማራ ክልልም የክልሉ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ። ነገር ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 መሠረት እነዚህ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ሰንበቴ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ሱቁን የሚፈልገው ወራሽ አልፈቅድም ካለ በሩ ተዘጋ። ይህ ሲባል የፈቃድ ነገር ይቅር ማለቴ አይደለም። ማንም ሰው ሳይወድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ አይገደድም የሚለው መርህ እኛንም ይጠብቀናል። የምለው፣ ወቅፋችን ከሸሪዓ ፍርድ ቤት በር ውጭም ሊቆም በሚችልበት እግር መቆም አለበት ነው።

በመደበኛው ፍርድ ቤት ምን ይጠየቃል? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2443 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ የሚጸናው በግልጽ ኑዛዜ ፎርም ሲደረግ ነው። የግልጽ ኑዛዜ ፎርም ደግሞ በአንቀጽ 881 ተቀምጧል። ጽሑፉ በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ይሰፍራል፤ ሁሉም ወዲያውኑ ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። በጁምዓ ቀን አምስት መቶ ሰው የሰማው ቃል በሕጉ ፊት ሳይጸና ሲቀር በአራት ሰው ፊርማ ይጸና ነበር። አምስት መቶ ሰው በተሰበሰበበት አራት ፈራሚ ይጠፋል? አልጠፋም፤ የጠየቀ አልነበረም እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ ባለአደራው እንምጣ። የሚያስገርመው ነገር፣ ወቅፍን በስሙ የማያውቀው የ1952ቱ ሕግ ወቅፍን የሚመስል ነገር በውስጡ ይዟል። ከአንቀጽ 483 ጀምሮ ንብረትን የማይሻርና ዘላለማዊ አድርጎ ለሕዝብ ጥቅም ስለማዋል ይናገራል። ከአንቀጽ 516 እስከ 544 ደግሞ እንግሊዞች ትረስት የሚሉትን የአደራ ንብረት ይደነግጋል። ሕጉን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነበሩ፤ በሀገራቸው ሕግ ያልነበረውን ይህን ነገር ከእንግሊዞች ወስደው ለእኛ አስገቡት። አንዳንድ ተመራማሪዎች ደግሞ እንግሊዞች ራሳቸው ሐሳቡን ያገኙት ከወቅፍ ነው ብለው ይከራከራሉ፤ እ.ኤ.አ በ1264 የወጣውን የኦክስፎርድ መርተን ኮሌጅ መተዳደሪያ ከወቅፍ ሰነድ ጋር እያስተያዩ። ክርክራቸው ትክክል ከሆነ ዕቃችን ዞሮ በፈረንሳዊ እጅ ቤታችን ገብቶ ሳናውቀው ስድሳ ዓመት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

የዚህ ሕግ ዋነኛ ቁም ነገር፣ ለአደራ የተሰጠው ንብረት ራሱን ችሎ የሚቆም መሆኑ ነው። የወቃፊውም አይደለም፤ ከባለአደራው የግል ሀብት ጋርም አይቀላቀልም። ባለአደራው ዕዳ ቢኖርበት የግል አበዳሪዎቹ በዚያ ንብረት ላይ እጃቸውን አይዘረጉም። ቢሞት የውርስ ክፍል አይሆንም። የሰንበቴው ሱቅ በዚህ መልክ ተመሥርቶ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ይዞት የሚቀርብ ወረቀት ባልኖረው ነበር። ዑመር በኸይበር ሰነዳቸው አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ አይወረስም ብለው ያስቀመጡት የዚሁ ሌላ አነጋገር ነው።

ግዴታውም ቢሆን ከፊቅሁ ብዙ አይርቅም። ሕጉ ባለአደራው መሥራቹ የሰጠውን መመሪያ ይከተል ይላል፤ ዑለማዎቻችንም የወቃፊው ሸርጥ ከሸሪዓ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ እንደ ድንጋጌ ይከበራል ይላሉ። ሕጉ እንደ መልካም የቤተሰብ አባት ይጠንቀቅ ይላል፤ ፊቅሁ ደግሞ ናዚሩን ከየቲም አሳዳጊ ጋር ያመሳስለዋል። ንብረቱ ያለ ጥፋቱ ቢበላሽ ካሣ የለበትም፤ ከተላለፈ ወይም ቸል ካለ ግን ይጠየቃል። ለድካሙ ተገቢ ዋጋ መውሰድ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኛ ዘንድ የወቅፍ ባለአደራ በነጻ ካልሠራ እንደ ሌባ ይቆጠራል። ይህ ስሕተት ነው። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ የየቲም አሳዳጊው ሀብታም ከሆነ እንዲቆጠብ፣ ድሃ ከሆነ ግን በአግባቡ እንዲበላ ፈቅዷል። የዑመርም ሰነድ እንዲሁ። ደመወዙ በግልጽ ተጽፎ ቢወሰን ይሻላል፤ በነጻ አሠርተን በጎን ስናማው ከምንኖር።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በሒሳብ ላይ ነው። ሕጉ ባለአደራው ሒሳብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። እኛ ዘንድ ሒሳብ ጠይቁ ሲባል «ሥራው የአላህ ነው፣ ሒሳቡን አላህ ያውቀዋል» ይባላል። አላህማ ያውቀዋል! ያው የሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ ግን አሳዳጊው ገንዘቡን ለየቲሙ ሲያስረክብ ምስክር እንዲያቆም ያዝዛል፤ ቀጥሎም አላህ በተሳሳቢነት በቂ መሆኑን ያስታውሳል። ሁለቱ አብረው ነው የመጡት። የአላህ ማወቅ ምስክሩን አላስቀረም። እኛ ሁለተኛውን ብቻ ቆርጠን ይዘን ነው የቀረነው።

ሌላው ልዩነት ቁጥር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአራት በላይ ባለአደራ ቢሾም የመጀመሪያዎቹን አራት ብቻ ይቀበላል። የእኛ የመስጂድ ኮሚቴ ግን አሥራ አምስትም ሃያም ይሆናል። ሃያ ሰው የሚጠብቀው ካዝና ማንም እንደማይጠብቀው ነው። ኮሚቴው ይብዛ፣ ይማከር፤ በወቅፉ ሰነድ ላይ በስም ተጠያቂ የሚሆኑት ግን ጥቂት ይሁኑ ባይ ነኝ።

ይህን ሁሉ ስል በሰንበቴው በረንዳ ላይ የተነሣብኝን ተቃውሞ መሸሽ አልፈልግም። ከእኛ ጋር ቡና ይጠጡ የነበሩ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ የተጻፈ ንብረት የመንግሥት ዓይን ያረፈበት ንብረት ነው። የስድሳ ሰባቱን አላየህም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ወር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ በኪራይ የሚተዳደሩ መስጂዶችና መድረሳዎች ገቢያቸውን አጥተዋል። ኪራዩ እስከ መቶ ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሄደ። ከዚያ ጊዜ የቀረው ፍርሃት የሽማግሌዎቻችን ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው።

ነገር ግን እናስተውል። አዋጅ 47 ቤቶቹን የወሰደው ስለተመዘገቡ አይደለም። የተመዘገበውንም ያልተመዘገበውንም፣ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ኪራይ ቤት ነው የወሰደው። አለመጻፍ ከደርግ ያስጣለው ወቅፍ ካለ ይነገረኝ። ከወራሽ፣ ከአበዳሪ፣ ከጎረቤት ድንበር ገፊ ያላስጣለው ግን በየከተማው አለ። የሕንድን ሙስሊሞች ጉዳይ የተከታተለ ሰው ይህን በሌላ መልኩ ያየዋል። በዚያ ሀገር ሰነድ ባይኖርም ለረጅም ዘመን በወቅፍነት ሲገለገሉበት የኖሩት ንብረት ወቅፍ ተብሎ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ በ2025 የ1995ቱን የወቅፍ ሕግ ያሻሻለው አዋጅ ይህን ለወደፊቱ አስቀረው። ሙስሊሞቹ አሁንም በፍርድ ቤት እየተከራከሩበት ነው። መንግሥት የሕጉን መስመር ሲያዞር መጀመሪያ ሜዳ ላይ የሚቀረው ሰነድ የሌለው ነው።

የመንግሥትስ ድርሻ? አዋጅ 188 ወቅፍ የሚለውን ቃል ይጠቅሳል እንጂ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ናዚሩ ቢያጠፋ ማን እንደሚያነሣው፣ ሒሳቡን ማን እንደሚያይ አይዘረዝርም። የ2011ዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ዘላቂ በጎ አድራጎትና የበጎ አድራጎት ባለአደራ የሚባሉ ቅርጾችን ያውቃል፤ ግን የወጣው የመንደር መድረሳ ሱቅን አስቦ አይደለም። በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለሃይማኖት ተቋማት በምደባ የሚሰጠው ቦታ ለአምልኮ ነው፤ የመስጂዱን ወጪ የሚሸፍን ሱቅ ከዚያ ላይ ሲሠራ ጥያቄ ይነሣል። እንግዲህ ለወቅፍ የሚሆን ራሱን የቻለ ሕግ ያስፈልገናል። ኩዌት እ.ኤ.አ በ1993 ለወቅፍ ብቻ የሚሠራ ሕዝባዊ ተቋም አቋቁማለች፤ ዛንዚባርም የወቅፍና የአደራ ኮሚሽን አላት። እኔ በበኩሌ መንግሥት ራሱ ናዚር እንዲሆን አልሻም። መዝገብ ይክፈት፣ ዓመታዊ ሒሳብ ይጠይቅ፣ ናዚር ሲያጠፋ ፍርድ ቤት እንዲያነሣው ሥርዓት ያብጅ። የወቅፉን ፍሬ ለማን እንደሚሰጥ ግን ወቃፊው ተናግሯል፤ ሌላ ሰው የሚጨምርበት የለም።

ሕጉ እስኪወጣ ግን እጅ አጣጥፈን አንቀመጥም። ዛሬ ቤት ወይም ሱቅ ለወቅፍ ያሰበ ወንድም ወይም እኅት፣ ቃሉን በጁምዓ ከመናገሩ በፊት ሰነዱን ያዘጋጅ። ምን እንደወቀፈ፣ ፍሬው ለማን እንደሚውል፣ ዘላለማዊና የማይሻር መሆኑን፣ ናዚሩ ማን እንደሆነ፣ እርሱ ሲሞት ወይም ሲያቅተው ማን እንደሚተካ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ሒሳቡን በየስንት ጊዜ ለማን እንደሚያሳይ ያስፍር። በአራት ምስክሮች ፊት አስነብቦ ያስፈርም፤ ከቻለ ውልና ማስረጃ ሄዶ ያረጋግጥ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚወቅፈው በላቡና በገንዘቡ የገነባውን ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት ይህ የግል ንብረቱ ነው፤ መሸጥም ማውረስም መስጠትም ይችላል። በተለይ የገጠር ይዞታ ያለው ሰው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቅ እንዳይጀምር። በግለሰብ ስም የቆየ የቆየ ወቅፍ የያዘ ባለአደራም ሞት ሳይቀድመው «ይህ ንብረት የእኔ አይደለም» የሚል ጽሑፍ በምስክር ፊት ይፈርም፤ ልጆቹም አብረው ይፈርሙ። ምክር ቤቱ አሁን ንብረት የመያዝ፣ የመክሰስና የመከሰስ መብት አለውና ስሙን ወደዚያ ለማዞር ይነጋገሩ።

ሰንበቴ ላይ ያን ዕለት ዐስር ሶላት እስኪደርስ ከሼኹ ጋር ረቂቅ ስንጽፍ ቆየን። ሱቁን፣ ድንበሩን፣ የኪራዩን አከፋፈል ጻፍን። ናዚር የሚለው ላይ ስንደርስ የራሳቸውን ስም ነገሩኝ። «ከእርስዎ በኋላስ?» ስላቸው ዝም አሉ። የኮሚቴውን ሰዎች አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጓሮ ውስጥ ሴት ልጆችን ቁርኣን የምታስቀራ ልጃቸውን ድምፅ እያዳመጡ «እሷን ጻፍ» አሉኝ።

ወላሁ አዕለም።